ንጹሕ ልብና የጎሬው ሰማዕት

ሰው ፊቱን የሚታጠበው ሰው ስለሚያየው ነው፤ ልብሱንም የሚያጥበው ስለዚሁ ነው። ልቡን ግን ከእግዚአብሔር በቀር የሚያየው ስለሌለ ሳያጥበው ብዙ ዘመን ሊኖር ይችላል። ጌታችን በተራራው ላይ ሲያስተምር እግዚአብሔርን የማየትን ተስፋ የሰጠው ለልበ ንጹሓን መሆኑን ሁላችንም ከሕፃንነታችን ጀምሮ ሰምተናል። አባቶቻችንም «ልብ ካላየ ዓይን አያይም» ይላሉ።

ነገር ግን የልብ ንጽሕና ምንድር ነው ብሎ የሚጠይቀን ቢመጣ ብዙዎቻችን እንቸገራለን። አንዳንዱ ከቶ ኃጢአት አለመሥራት ይመስለዋል፤ እንዲህ ከሆነ ግን ከሰው ወገን ማን ይገኛል? ንጉሥ ዳዊት እንኳ ንጹሕ ልብን የለመነው ከወደቀ በኋላ ነው። እኔ እንደ ተረዳሁት ንጹሕ ልብ ማለት ያልተከፈለ ልብ ነው፤ ይኸውም ምላስ የሚናገረውና ልብ የሚያውቀው አንድ ሆኖ በእግዚአብሔር ፊት ሲቆም ነው። ይህንም ያስተማረኝ የኢሉባቦር ታሪክና በመቱ ገበያ የሠራሁት የራሴ ጥፋት ነው።

ከመቱ ወደ ደቡብ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ሲኬድ ጎሬ ትገኛለች። ዛሬ የዞኑ ሥራ የሚሠራው በመቱ ነው፤ ቀድሞ ግን የኢሉባቦር ዋና ከተማ ጎሬ ነበረች። ራስ ተሰማ ናደው አገሩን የገዙት በዚያ ተቀምጠው ነው፤ በጋምቤላና በባሮ ወንዝ በኩል ወደ ሱዳን የሚወርደው ቡናም ከዚያው ይነሣ ነበር።

አገራችን ለብዙ መቶ ዓመታት ጳጳስዋን ከእስክንድርያ መንበር ስታስመጣ ኖራለች። በ1921 ዓ.ም. ግን አራት ኢትዮጵያውያን መነኮሳት በካይሮ ጵጵስና ተሾሙ፤ እነርሱም አቡነ አብርሃም፥ አቡነ ጴጥሮስ፥ አቡነ ሚካኤልና አቡነ ይስሐቅ ናቸው። ከነዚህ አቡነ ሚካኤል ለጎሬ ተመደቡ። በጵጵስናቸው ግን ገና ሰባትና ስምንት ዓመት ሳይሞላ የፈተና ቀን ደረሰ።

የኢጣልያ ጦር ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ.ም. አዲስ አበባ ሲገባ የመንግሥቱ ሥራ ወደ ጎሬ ተዛወረ። ቢትወደድ ወልደ ጻድቅ በዚያ የመንግሥቱን አደራ ተቀበሉ፤ ራስ እምሩም ጎጃምን አቋርጠው ወደዚያው መጡ። ሐምሌ 22 ቀን 1928 ዓ.ም. አቡነ ጴጥሮስ ሕዝቡ ለወራሪ እንዳይገዛ ስለ አስተማሩ በአዲስ አበባ በጥይት ተገደሉ። ከዚህ በኋላ እምቢ ማለት ምን ዋጋ እንደሚያስከፍል ለማንም ጳጳስ የተሰወረ አልነበረም። በኅዳር ወር 1929 ዓ.ም. ጠላት ጎሬን ያዘ፤ አቡነ ሚካኤልም እንደ ወንድማቸው ለወራሪ አልገዛም ብለው ጸኑ፤ ስለዚህም በጥይት ተገደሉ። ራስ እምሩ ደግሞ በታኅሣሥ በጎጀብ ወንዝ አጠገብ ተማርከው ወደ ኢጣልያ ተወሰዱ።

ወጣት አንባቢ ሆይ፥ እዚህ ላይ ጥቂት ቆም ብለህ አስብ። ለሚፈራ ሰው ሁልጊዜ አንድ የተዘጋጀ ምክር አለው፤ «በምላስህ ተገዛ፥ በልብህ ግን እንደ ፊትህ ሁን፤ እግዚአብሔር ልብህን ያውቃል» የሚል ነው። ይህ ምክር ጥበብ ይመስላል። ነገር ግን ልብን ለሁለት የሚከፍለው ቢላዋ ይኸው ነው። አቡነ ሚካኤል ለሕዝቡ በአደባባይ ያስተማሩት ቃልና በጠላት ፊት የተናገሩት ቃል አንድ ሆኖ ተገኘ። ንጽሕና የምለው ይህን ነው።

ከአራቱ አንዱ፥ አቡነ አብርሃም፥ በ1930 ዓ.ም. በኢጣልያኖች ዘመን የቤተ ክርስቲያኒቱ አለቃ ሆነው ተሾሙ። ይህን የምጽፈው ታሪክ ስለ ሆነ ነው እንጂ በልባቸው ላይ ዳኛ ለመሆን አይደለም። የሌላውን ልብ መመርመር የራስን ልብ ያቆሽሻልና፥ እኔም ወደ ራሴ ልመለስ።

በወጣትነቴ በመቱ ገበያ በአንድ ቡና ገዢ ዘንድ ሚዛን ጸሐፊ ነበርሁ። ገበሬው ጀንፈሉን ያመጣል፤ እኔ መዝኜ እጽፋለሁ። ጥቂት ቆይቼም ማንበብ ከማይችለው ሰው ላይ ግማሽ ግማሽ ኪሎ እያጎደልሁ ትርፉን በኪሴ ማስገባት ጀመርሁ። አንድ ቀን አንዲት አሮጊት ያጎደልሁባቸውን ገንዘብ ተቀብለው፥ «ልጄ፥ እደግ» ብለው በኦሮምኛ መረቁኝ። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር።

በማግሥቱ እሑድ ቤተ ክርስቲያን ሄጄ ከሰው ጋር ቆምሁ። አፌ ይጸልያል፥ ልቤ ግን ግማሽ ኪሎ ይቆጥራል። ዲያቆኑ እርስ በርሳችሁ ሰላም ተባባሉ ሲል ከጎኔ ላለው ሰው ራሴን ዝቅ አደረግሁ፤ ሰላም ልላቸው የሚገባኝ ሴትዮ ግን በዚያ አልነበሩም። ብዙ ሳምንት እንዲህ ኖርሁ። እግዚአብሔር የራቀኝ መሰለኝ፤ የራቅሁት ግን እኔ ነበርሁ። በመጨረሻ ለንስሐ አባቴ ብነግራቸው ስግደትና ጾም ከማዘዛቸው በፊት፥ «በመጀመሪያ ሂድና መልስ» አሉኝ። ሴትዮዋን ፈልጌ መለስሁ፤ ያላገኘኋቸውን ሰዎች ድርሻ ለድኾች ሰጠሁ። ሴትዮዋ ገንዘቡን ቆጥረው በመቀነታቸው ቋጠሩና ዝም ብለው ተመለከቱኝ፤ በዚያ ቀን ምርቃት አልነበረም። ማታ ግን አባታችን ሆይን ስጀምር ከብዙ ጊዜ በኋላ የሚሰማኝ እንዳለ ዐወቅሁ።

የአገራችን ሰው ቡናን ጠንቅቆ ያውቃል። ከመሬት ከፍ ባለ አልጋ ላይ የደረቀ ጀንፈልና በእርጥብ አፈር ላይ ተሰጥቶ የከረመ ጀንፈል በላያቸው ሲታዩ አንድ ሊመስሉ ይችላሉ። ነገር ግን ተቆልቶ ሲፈላ ያኛው የቡና ሽታ፥ ይኸኛው የአፈር ሽታ ይሰጣል። እሳቱ ሽታውን አልፈጠረውም፤ ገለጠው እንጂ። የፈተና ቀንም እንዲሁ ነው። በጎሬ የተሰማው ጥይት ለአቡነ ሚካኤል አዲስ ልብ አልሰጣቸውም፤ የነበረውን ልብ ገለጠ እንጂ። በግማሽ ኪሎ ምላሱንና ልቡን መለየት የለመደ ሰው ሕይወቱ በተጠየቀበት ቀን አንድ ልብ ከየት ያመጣል?

ቤተ ክርስቲያናችን ቅኔ ማኅሌት፥ ቅድስትና መቅደስ ተብላ በሦስት ትከፈላለች። በቅኔ ማኅሌቱ ከበሮውና ጸናጽሉ ይሰማል፤ ታቦቱ የሚያርፈው ግን በመቅደሱ ነው። ልባችንም እንዲሁ ነው። ዝማሬያችን በውጭ እያማረ መቅደሳችን ቢያድፍ ከእግዚአብሔር ጋር መነጋገር አንችልም። ስለዚህ ወዳጄ፥ በየማታው ከመተኛትህ በፊት ሦስት ነገር ራስህን ጠይቅ፤ ዛሬ ምላሴ ልቤ የማያውቀውን ተናገረን? ያልመለስሁት የሰው ገንዘብ አለን? ያልታረቅሁት ሰው አለን? አለ ብሎ ልብህ ቢመልስልህ ተስፋ አትቁረጥ፤ ነገ ማልደህ ሂድና መልስ፥ ታረቅ፥ ከዚያም ጸልይ።

ምናልባት የጎሬው ዓይነት ቀን በአንተ ዘመን አይመጣ ይሆናል። ገበያና ሚዛን ግን በየሳምንቱ አለ።