ጣት የሚያሳርፍ ጫማ

ከሳጉሬ እስከ በቆጂ ያለው የአርሲ ደጋ በሯጮቹ ይታወቃል። የእግር ታሪኩ ግን በሩጫ አያልቅም። በምዕራብ አርሲ የሚገኘው የጋምቦ ሆስፒታል ሥራውን የጀመረው የሥጋ ደዌ ታማሚዎችን በመቀበል ነበር።

የሥጋ ደዌ ነርቭ ስለሚጎዳ እግር ይደነዝዛል። ሚስማር ቢወጋውም፣ ጫማ ቢልጠውም ሰውየው መራመዱን አያቆምም፤ ቁስሉ አጥንት ድረስ ይዘልቃል። ለዘመናት በሽታው ራሱ ጣት እንደሚበላ ይታመን ነበር። እ.ኤ.አ. ከ1946 ጀምሮ በሕንድ የሠራው የቀዶ ሕክምና ሐኪም ፖል ብራንድ ግን ጣት የሚያሳጣው በደነዘዘ እግር ላይ የሚደጋገም ጉዳትና ጫና መሆኑን አሳየ።

ጉዳዩ ወደ ጫማ ሠሪው ወረደ።

ለደነዘዘ እግር የሚሠራው ጫማ ሚስማር አይኖረውም። ፊቱ ሰፊ ነው፤ ጣት አይጨብጥም። ውስጡ ለስላሳ ጎማ ይነጠፋል። ጣቱ ክፉኛ ለተጎዳ ሰው ደግሞ ሶሉ ጠንካራ ሆኖ ከፊት ወደ ላይ ይቀለበሳል፤ እግር ሳይታጠፍ ስለሚራመድ የጣቶቹ ሸክም ይቀላል።

እ.ኤ.አ. በ1965 አዲስ አበባ ላይ የተቋቋመው የሥጋ ደዌ ሕክምናና ማሠልጠኛ ማዕከል አለርት እንዲህ ያለውን ጫማ የሕክምናው አካል አደረገው። አንድ ችግር ግን ቀረ፦ ልዩው ጫማ ታማሚውን ከሩቅ ለይቶ ያሳውቃል። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ በኢትዮጵያ ገጠር የተደረገ ጥናት ለስላሳ ጎማ የተነጠፈበትን ተራ የሸራ ጫማ የፈተነው ለዚህም ጭምር ነው። ታማሚው እንደ ሰው ሁሉ ገበያ መውጣቱ ከቁስሉ መዳን የሚያንስ ጉዳይ አይደለም።

ዛሬ ይኸው ዕውቀት የስኳር ሕመም እግራቸውን ላደነዘዘባቸው ይጠቅማል። ጫማ ከማጥለቅዎ በፊት ውስጡን በእጅዎ ይዳብሱ፤ ማታም እግርዎን ይመልከቱ።