የመንጋጋው አጥንት ምስክርነት

የግሪኩ ሐኪም ጋሌን፣ የታችኛው መንጋጋ አገጭ ላይ የተጋጠሙ ሁለት አጥንቶች ናቸው ብሎ ጽፎ ነበር። ሐኪሞችም ለሺህ ዓመት ያህል ቃሉን ተቀብለው ኖሩ።

በ597 ዓመተ ሒጅራ (እ.ኤ.አ. 1200/1) የዓባይ ውኃ ጎድሎ ምስርን ብርቱ ረሃብ መታት። ካይሮ ያስተምሩ የነበሩት የባግዳዱ ዓሊም ዐብዱለጢፍ፣ አል-መቅስ በተባለ ስፍራ የሟቾች አጽም መከመሩን ሰምተው ከተማሪዎቻቸው ጋር ሄዱ። ከ2,000 የሚበልጡ የራስ ቅሎችን መረመሩ፤ መንጋጋው መጋጠሚያ የሌለው አንድ አጥንት ነበር። ጋሌንን እጅግ ያከብሩ ነበር፤ ሆኖም ዓይናቸው ያየውን አልደበቁም።

አላህ (ሱ.ወ.) በራሳችን ውስጥ ያኖራቸውን ተአምራት እንድናስተውል አዞናል። ወላጆች ሆይ! ልጃችሁ የትምህርት መጽሐፉ ከሚለው ሌላ ነገር አየሁ ቢላችሁ አትቆጡት፤ አብራችሁት ሂዱና እዩ።

ወላሁ አዕለም።