በአርባ ዓመት የመጣ ዘፈን

ጎልማሳ ሰው ዘፈን ወደደ ሲባል ሰሚው ፈገግ ይላል። «በስተርጅና ቀበጠ» ይባላል፤ ደግ ሰው ከሆነ ደግሞ «ትዝታው ተቀስቅሶበት ነው» ብሎ ያልፈዋል። እኔም በ1992 ዓ.ም.፣ በአርባ ሦስት ዓመቴ፣ የዓለማየሁ እሸቴንና የማሕሙድ አሕመድን የድሮ ዘፈኖች ፍለጋ በየሙዚቃ ቤቱ ስዞር ሁለቱም ተብሎብኛል። መቅበጡን አልክድም። ትዝታ የሚለው ግን አይዋጥልኝም። ያላመሸበትን ምሽት ማን ያስታውሳል?

ነገሩን ከሥሩ እንየው። በንጉሡ ዘመን ዘመናዊው ሙዚቃ ከሞላ ጎደል የመንግሥት ነበር። ስመ ጥሩዎቹ ድምፃውያን የክቡር ዘበኛ ወይም የፖሊስ ኦርኬስትራ ደመወዝተኞች ነበሩ። ሸክላ የማሳተም መብትም በንጉሡ ድንጋጌ ለሀገር ፍቅር የተሰጠ ነበር። አምሐ እሸቴ የተባለ ሙዚቃ ቤት የነበረው ወጣት ይህን ድንጋጌ ከቁም ነገር ሳይቆጥር እ.ኤ.አ. በ1969 የራሱን ሸክላ ማውጣት ጀመረ። በመጀመሪያው ሸክላ ላይ የተሰማው ከፖሊስ ኦርኬስትራ የወጣው ዓለማየሁ እሸቴ ነው። አገር ውስጥ ማተሚያ ስላልነበረ ቅጂው ወደ ውጭ እየተላከ ታትሞ ይመጣ ነበር። አምሐ እስከ 1975 ድረስ ከ100 በላይ ትንንሽ ሸክላዎች አወጣ። ስድስት ዓመት ብቻ! ዛሬ «ወርቃማው ዘመን» እያልን የምናሞግሰው ሙዚቃ አብዛኛው የተቀዳው በዚህች አጭር ጊዜ ነው።

ታዲያ እኛ የት ነበርን? የእኔ እኩያ ሲጠየቅ «ሰዓት እላፊ» ብሎ ይመልሳል። እውነት አለው። ከ1967 ዓ.ም. ወዲህ በደርግ ዘመን ሁሉ ሌሊቱ የመንግሥት ሆነ። አምሐ ወደ አሜሪካ ተሰደደ። በየሆቴሉ ሲጨፍር ያመሸ ሰው ሰዓቱ ካለፈበት በሩ ተዘግቶበት እስኪነጋ እዚያው ማደር ነበረበት። ይህ ደግሞ ኪስ ይጠይቃል፤ የእኛ ኪስ ለሻይም አይበቃም ነበር።

ይሁንና ሰበቡ ሁሉ ሰዓት እላፊ አይደለም። ደርግ ሳያውጅብን በፊት እኛው በራሳችን ላይ አውጀን ነበር። በመጋቢት 1960 ዓ.ም. ዩኒቨርሲቲው ውስጥ የፋሽን ትርዒት ሲዘጋጅ ተማሪዎች በቁጣ ተነስተው ተቃወሙት። አጭር ቀሚሱም ጭፈራውም የባዕድ ልክፍት ተብሎ ተወገዘ። እኔ ያኔ የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ ነኝ። አስተሳሰቡ ግን ከታላላቆቻችን ወርዶ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ድረስ መጣልን። በአሥራ ሰባት ዓመቴ ፒያሳ ውስጥ ሙዚቃ ከሚለቅ ሱቅ ደጃፍ ስናልፍ እርምጃችንን እናፈጥን ነበር። ቆሞ ማዳመጥ ያሳፍራል። ወሎ እየተራበ ምን የሚሉት ዳንኪራ ነው? ጥያቄው የዋዛ አልነበረም፤ ዛሬም አልስቅበትም። ከጠያቂዎቹ ብዙዎቹ አርባ ዓመት ሳይደርሱ ቀሩ።

ዘፈኖቹን የመለሰልን ባዕድ ነው። ፍራንሲስ ፋልሴቶ የተባለ ፈረንሳዊ እ.ኤ.አ. በ1984 የማሕሙድን «ኧረ መላ መላ» ሰምቶ ልቡ ተነካ፤ በማግሥቱ ዓመት አዲስ አበባ ድረስ መጣ። ሥራው በ1986 ብራስልስ ውስጥ ታተመ። በ1990ዎቹ መጨረሻ ደግሞ «ኢትዮፒክስ» የተባለው ተከታታይ ሲዲ መውጣት ጀመረ። ከእነዚህ አንዱን መጀመሪያ የሰማሁት የጓደኛዬ መኪና ውስጥ ነው። ያ የሸሸሁት የጥሩምባና የሳክስፎን ድምፅ ነበር። ዘፈኑ ሲያልቅ «እስቲ መልሰው» አልኩት። ቤቴ ደጃፍ ደርሰንም አልወረድኩም።

በኋላ ብቻዬን እንዳልሆንኩ አወቅሁ። ጂም ጃርሙሽ በ2005 በሠራው «ብሮክን ፍላወርስ» ፊልም ላይ ቢል መሪ የሚጫወተው ጎልማሳ የድሮ ፍቅረኞቹን ፍለጋ ሲጓዝ መኪናው ውስጥ የሚሰማው የሙላቱ አስታጥቄን ሙዚቃ ነው። ሲዲውን የሰጠው ኢትዮጵያዊ ጎረቤቱ ነው (ጎረቤቱን ሆኖ የሚሠራው ግን አሜሪካዊ ተዋናይ ነው፤ እንለፈው)። ያ ሰው አዲስ አበባን አያውቃትም፤ በሙዚቃው የሚያስታውሰው ምንም ነገር የለውም። እኔም እዚሁ ከተማ አድጌ ከእሱ ብዙም አልሻልም ነበር። ዝናም ለሙዚቀኞቹ ዘግይቶ ነው የመጣው። ማሕሙድ እ.ኤ.አ. በ2007 የቢቢሲን የዓለም ሙዚቃ ሽልማት ሲቀበል ስድሳውን ካለፈ ቆይቷል።

በጥር 2017 ዓ.ም. ማሕሙድ ሚሌኒየም አዳራሽ ውስጥ የስንብት ኮንሰርቱን ሲያቀርብ ከልጄ ጋር ሄጄ ነበር። ግጥሙን ከእኔ ይልቅ እሷ ታውቀዋለች። ከእኩለ ሌሊት በኋላ ስንወጣ «አባዬ፣ ደከመህ እንዴ?» አለችኝ። ሳላስበው ሰዓቴን አየሁ። መንገዱ በሰው ተሞልቷል፤ ታክሲ የሚጠራው ይጠራል፣ ገና የሚዘፍነውም ይዘፍናል።