የጉባኤው መድረክና የደጋፊው ጠረጴዛ

የኮምፒዩተር ፕሮግራም ጸሓፊዎች በገዛ ፈቃዳቸው ተሰባስበው የሚያቋቁሙት ጉባኤ ሁለት ዓይነት ሰዎችን በአንድ አዳራሽ ያገናኛል። አንደኛው የሠራውን ለባልንጀሮቹ ለማስረዳት የሚመጣ ባለሙያ ነው፤ ሁለተኛው ገንዘብ ከፍሎ ስሙን የሚያስጠራና ዕቃውን የሚያሳይ ኩባንያ ነው። የፊተኛው ያለ ኋለኛው የአዳራሹን ኪራይ ለመክፈል ይቸገራል፤ የኋለኛውም ያለ ፊተኛው የሚያነጋግረው ሰው አያገኝም። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ በሁለቱ መካከል ያለው ወሰን በታሪክ እንዴት እንደ ተለየ መመርመር ነው። የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮጳውያን አቆጣጠር ናቸው።

ቀደም ካሉት ምሳሌዎች አንዱ የሚገኘው በሳንፍራንሲስኮ ከተማ ነው። በ1977 ጂም ዋረን ባዘጋጀው የዌስት ኮስት የኮምፒዩተር ትርኢት ላይ ወደ 13,000 የሚጠጋ ሕዝብ ተገኘ። ከመጡትም ብዙዎቹ ኮምፒዩተርን ለፍቅሩ ሲሉ የሚገጣጥሙ ሰዎች ነበሩ። በዚያን ጊዜ ገና ትንሽ የነበረው አፕል ኩባንያ ቦታ ተከራይቶ አፕል 2 የተባለውን መሣሪያ ለሕዝብ ያስተዋወቀው በዚሁ ትርኢት ነው። ከዚህ እንደምንረዳው ለትንሽ ኩባንያ አንድ ጠረጴዛ ትልቅ በር ሊከፍት ይችላል። ነገር ግን ትርኢቱ የንግድ ንብረት ስለ ነበረ በ1983 ፕረንቲስ ሆል ለተባለው አሳታሚ ድርጅት ተሸጠ፤ በ1991ም የመጨረሻው ተደረገ። የመጀመሪያዎቹ ተሰብሳቢዎች በሽያጩ ላይ ድምፅ አልነበራቸውም።

ከዚህ የተለየ መንገድ የተከተሉት በፓይተን የፕሮግራም ቋንቋ የሚሠሩ ባለሙያዎች ናቸው። እነዚህ ሰዎች በ1994 በሜሪላንድ ግዛት ለመጀመሪያ ጊዜ ሲሰበሰቡ ቍጥራቸው 20 ያህል ብቻ ነበር። በ2001 ለትርፍ የማይሠራ የፓይተን ሶፍትዌር ፋውንዴሽን አቋቋሙ፤ በ2003ም ፓይኮን የተባለውን ዓመታዊ ጉባኤ በዋሽንግተን ከተማ በጆርጅ ዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ ጀመሩ። ሥራው በአብዛኛው በፈቃደኞች የሚከናወን ከመሆኑም በላይ፣ ለብዙ ዓመታት ተናጋሪውም አዘጋጁም እንደ ማንኛውም ተሳታፊ የመግቢያ ዋጋ ይከፍሉ ነበር።

በ2008 በቺካጎ በተደረገው ጉባኤ የተሰብሳቢው ቍጥር ከ1,000 በላይ ሆነ። ደጋፊ ኩባንያዎችም በዙ፤ ለከፈሉትም ገንዘብ ምላሽ እንዲሆን በመላው ተሰብሳቢ ፊት የሚናገሩበት ጊዜ ተሰጣቸው። ማንም ሰው ተራ ይዞ ለጥቂት ደቂቃ ሐሳቡን በሚገልጥበት በአጭር ንግግር ሰዓት ሳይቀር ቅድሚያ አገኙ። የፕሮግራም መጻሕፍት ደራሲ የሆነው ብሩስ ኤከል ይህን አሠራር በይፋ ነቀፈው። የነቀፋው ፍሬ ነገር፣ ሰው ከፍሎ የመጣው ከባልንጀራው ለመማር ሆኖ ሳለ ማስታወቂያ እንዲሰማ ተደረገ የሚል ነበር። አዘጋጆቹም ነቀፋውን ተቀበሉ፤ ለደጋፊዎች በአጭር ንግግር ሰዓት ይሰጥ የነበረው ቅድሚያም ቀረ።

በኩባንያዎቹ ላይ ብቻ መፍረድ ግን ተገቢ አይደለም። «ብድር በምድር» እንደሚባለው፣ የሰጠ ሰው አንድ ነገር መጠበቁ ባሕርያዊ ነው። ጥያቄው ምን ይሰጠው የሚለው ነው። ጠረጴዛ፣ በጉባኤው መጽሔት ላይ የስም መጠራት፣ ሠራተኛ የሚመለምልበት ዕድል፣ ደጋፊው ያዘጋጀው መሆኑ በግልጥ የተነገረበት የተለየ ትምህርት፣ እነዚህ ሁሉ ማንንም ሳያታልሉ ሊሸጡ ይችላሉ። ከጠረጴዛ ፊት የሚቆም ሰው ወድዶ የሚቆም ነው፤ ካልወደደ ያልፋል። በመድረክ ፊት የተቀመጠው ግን አምኖ የተቀመጠ ስለ ሆነ፣ የእርሱ እምነት የሚሸጥ ዕቃ ሊሆን አይገባም።

ገንዘቡ ራሱ የሚያስከትለው ሌላ አደጋም አለ። በ2020 በፒትስበርግ ሊደረግ የታቀደው ፓይኮን በኮቪድ ወረርሽኝ ምክንያት በአካል ሳይደረግ ቀረ። የፋውንዴሽኑ ገቢ ትልቁ ክፍል ከዚሁ ጉባኤ ይገኝ ስለ ነበረ ችግሩ በአዳራሹ ብቻ አልተወሰነም፤ ዓመቱን ሙሉ የሚሠራው ሥራ ሁሉ ተነካ። ስለዚህ ድጋፍ ለአንድ ጉባኤ ብቻ ሳይሆን ለማኅበሩ የዓመት ሥራ እንዲሰጥ ማድረግ አስፈላጊ ሆነ።

በብራስልስ በ2000 የተጀመረው ፎስዴም ደግሞ መግቢያውን ለሁሉ ነፃ አድርጎ፣ የማሳያ ጠረጴዛዎችንም ለነፃ ሶፍትዌር ሠሪዎች ያለ ዋጋ ይሰጣል። በ2025 ግን የብሎክ ኩባንያ መሥራች ጃክ ዶርሲ በተናጋሪነት መመዝገቡ ተቃውሞ አስነሣ፤ መድረኩ ተሸጧል የሚል ጥርጣሬም ተሰማ። አዘጋጆቹ የሰጡት መልስ፣ የገንዘብ ድጋፍ በንግግር ምርጫ ላይ ብልጫ አያስገኝም የሚለው ደንብ ከመጀመሪያው አንሥቶ የጸና ነው የሚል ነበር። ደንቡ አስቀድሞ ባይኖር ኖሮ ይህን መልስ ለመስጠት ባልተቻለም ነበር።

እንግዲህ ከሦስቱ ታሪኮች የምናገኘው ፍርድ ይህ ነው። የማኅበር ጉባኤን የሚያጠፋው የኩባንያ ገንዘብ መግባቱ አይደለም። ጉባኤው የማን እንደ ሆነ፣ ምን እንደሚሸጥና ምን እንደማይሸጥ ገንዘቡ ከመምጣቱ በፊት ተጽፎ አለመቀመጡ ነው።