ለቤተሰብም ለጭነትም የሚሆን ትንሽ መኪና አመራረጥ

በነቀምቴና በአካባቢዋ ከተሞች አንድ መኪና ሁለት ሥራ ይጠበቅበታል። በሥራ ቀን ባለቤቱን ቢሮ፣ ልጆቹን ትምህርት ቤት ያደርሳል፤ በገበያ ቀን በቆሎ፣ ቡና ወይም የሱቅ ዕቃ ይጭናል። አብዛኛው ገዢ ግን የሚጠይቀው ስለ ዋጋውና ስለ ሞዴሉ ነው። መቅደም ያለበት ጥያቄ ‹‹ስንት ኪሎ፣ በየትኛው መንገድ?›› የሚለው ነው።

ክብደት፦ የመኪና የመጫን አቅም ከሚፈቀደው ጠቅላላ ክብደት ላይ የባዶው መኪና ክብደት ሲቀነስ የሚቀረው ነው። ሰውም በዚሁ ውስጥ ይቆጠራል። 70 ኪሎ የሚመዝኑ 5 ሰዎች 350 ኪሎ ስለሚሆኑ፣ ሰው የሞላው አነስተኛ አውቶሞቢል ለአንድ ኩንታል እንኳ የሚተርፍ አቅም ላይኖረው ይችላል። በጃፓን ሕግ ሞተራቸው በ660 ሲሲ የተገደበው ትንንሽ የጭነት መኪናዎች የሚፈቀድላቸው ጭነት 350 ኪሎ ነው። ባለ አንድ ጋቢና ሃይሉክስ እስከ 10 ኩንታል ገደማ ይጭናል፤ ባለ ሁለት ጋቢናው ግን ለሰው የሚሰጠውን ቦታ ከጭነቱ ይቀንሳል።

መንገድ፦ ነቀምቴ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,000 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ትገኛለች። በዚህ ከፍታ አየሩ ስለሚሳሳ ተርቦ የሌለው ሞተር የጉልበቱን አንድ አምስተኛ ያህል ያጣል። በቡሬ መንገድ ወደ ቆላማዋ ኡኬ ወርዶ በቆሎ ጭኖ የሚመለስ ሰው ባዶውን ወርዶ ጭኖ ዳገት ይወጣል። በሜዳ ደህና የሚሄድ ትንሽ ሞተር እዚህ ላይ ፍሪሲዮኑን ያቃጥላል። ጭኖ ቁልቁለት መውረድ ደግሞ ከዳገቱ ይልቅ አደገኛ ነው፤ በከባድ ማርሽ እንጂ በፍሬን ብቻ መያዝ አይገባም። ፖርቶ መጋላ ላይ የተቆለለ ዕቃም ኩርባ ላይ መኪናውን ለመገልበጥ ያጋልጣል።

ነዳጅ፦ ለከተማ አጭር ጉዞ ቤንዚን፣ ለጭነትና ለዳገት ባለ ተርቦ ናፍጣ ይመረጣል። ትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስቴር በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከላቸውን በጥር 2016 ዓ.ም. ካስታወቀ ወዲህ የኤሌክትሪክ መኪና የሚያስቡ በዝተዋል። የኤሌክትሪክ ሞተር በከፍታ ጉልበቱን አያጣም፤ ሆኖም ጭነትና ዳገት ባትሪውን ቶሎ ስለሚጨርሱት በሚሄዱበት ከተማ ቻርጅ ማድረጊያ መኖሩን አስቀድሞ ማረጋገጥ ያሻል።

ያገለገለ መኪና ሲገዛ የሻንሲና የሞተር ቁጥሩ ከሊብሬው ጋር ይመሳከር። የተጨመረ ባሌስትራና የተበየደ ሻንሲ ከአቅም በላይ ሲጭን መኖሩን ይጠቁማሉ። በግል ሰሌዳ የሰው ዕቃ በክፍያ መጫን ደግሞ ከቅጣቱ ሌላ፣ አደጋ ቢደርስ ኢንሹራንሱን ሊያሳጣ ይችላል።

በየሳምንቱ ከ5 ኩንታል በላይ ለሚጭን ሰው ፒክአፕ ተገቢ ነው። ጭነቱ በዓመት ሁለት ሦስቴ ብቻ ከሆነ ግን ለቤተሰብ የሚሆነውን አውቶሞቢል ገዝቶ በመኸር ጊዜ አይሱዙ መከራየት ይረክሳል።