ቮልሷ ቆላ ስትወርድ ለምን ታንኳኳለች?

የጎንደር ታሪክ ሲነሳ መቼም ሁላችንም የምንሮጠው ወደ ፋሲል ግንብ ነው። እኔ ዛሬ የማወጋችሁ ግን ከግንቡ ራቅ ብሎ፣ ዘይት በጠጣ የጋራዥ መሬት ላይ ስላለው ታሪክ ነው።

ነገሩን ያነሳሳኝ አንድ ወዳጄ ነው። ከአባቱ የወረሳት አሮጌ ቮልስ አለችው። ከጥቂት ዓመታት በፊት ይቺ ቮልስ ጎንደርና ደባርቅ ላይ እንደ ልቧ ትሮጥ ነበር። ወደ መተማ ወርዳ ቆላው ሲቀበላት ግን፣ ትንሽ ዳገት ባየች ቁጥር ሞተሯ ውስጥ ጠጠር የተበተነ ይመስል ታንኳኳለች። አንድ ወጣት መካኒክ መጽሐፉን ገልጦ አየና "ታይሚንጓ ቀድሟል፤ ማን ነው ያበላሻት?" ብሎ አስተካከለለት። እውነትም መተማ ላይ ዝም አለች። ደባርቅን ለመውጣት ግን እንደ ታመመ በቅሎ ቆመች! ወደ ድሮው መካኒክ ሲመለስ፣ አዛውንቱ ጆሯቸውን ሰጥተው ጥቂት ካዳመጡ በኋላ "ዘግይታለች ልጄ፤ ማን ነካብህ?" አሉት። ወዳጄ በሁለቱም ተናደደ። አንዳቸው ሊዋሹኝ ይገባል ባይ ነው።

የዋሸው የለም። ቤንዚንና አየር ሲሊንደር ውስጥ ታምቆ ካንዴላው ብልጭ ሲል፣ እሳቱ ባንድ አፍታ አይዳረስም። ስለዚህ ብልጭታው ፒስተኑ ጫፍ ከመድረሱ ቀደም ብሎ መውጣት አለበት። ሞተሩ በደቂቃ 3,000 ጊዜ ሲዞር እያንዳንዱ ካንዴላ በሰከንድ 25 ጊዜ ይተኩሳል፤ የምናወራው ስለዚህች ቅንጣት ጊዜ ነው። አብዝቶ ከቀደመ ሞተሩ ያንኳኳል፣ ሲነሳም ይራገጣል። ከዘገየ ይግላል፣ ጉልበት ያጣል፣ ማርሚታው ይተኩሳል፣ ቤንዚን ይጠጣል።

አሁን ከፍታውን አስቡት። ጎንደር ከባሕር ወለል 2,200 ሜትር ግድም ናት፤ የአየሩ ግፊት ከባሕር ዳርቻው ባንድ አምስተኛ ያህል ያንሳል። ደባርቅ ደግሞ ከአንድ አራተኛ በላይ ይቀንሳል። በሳሳ አየር እሳቱ ቀስ ብሎ ነው የሚሄደው፤ ስለዚህ ብልጭታው ትንሽ ሊቀድም ይገባዋል። የፋብሪካው መጽሐፍ የተጻፈው ለዝቅተኛ አገር ነው። መተማ ከ700 ሜትር በታች ነው፤ ሙቀቱ ተጨምሮበት መጽሐፉ እዚያ ልክ ሆነ። አዛውንቱ ደግሞ ለደጋው ልክ ናቸው።

ይህን እውቀት ከየት አመጡት? መጋቢት 23 ቀን 1928 ዓ.ም. የፋሽስቱ ፓርቲ ዋና ጸሐፊ ስታራቼ ጎንደር የገባው በመቶዎች የሚቆጠሩ መኪኖች አሰልፎ ነው። ጣልያን ወልቀፊትን መስከረም 18፣ ጎንደርን ደግሞ ልክ በሁለት ወሩ ኅዳር 18 ቀን 1934 ዓ.ም. አስረክቦ ተሸነፈ። የሊማሊሞን ጠመዝማዛ መንገድ፣ የፒያሳን ፖስታ ቤትና ሲኒማ ትቶ ሄደ። ቃላትም ትቷል። ካንዴላ በጣልያንኛ ሻማ ነው፤ ቦቢና ጥቅልል፤ ፑንቲና ትንሽ ጫፍ። ካቻቢቴ፣ ማርሽ፣ ፍሬን... ጣልያንኛ የማያውቅ መካኒክ ሁሉ በጣልያንኛ ይሠራል። (ናፍጣ የሚጠጣው ትሬንታኳትሮ ግን ካንዴላ አያውቅም፤ በሱ አትምጡብኝ።)

ቃሉ ከጣልያን ይምጣ እንጂ፣ ደባርቅ ላይ ስንት ማስቀደም እንደሚገባ ያወቀው የኛ ሰው ነው። የጻፈው ግን የለም። ግንቡን ያነጹትንና ብረት የቀጠቀጡትን "ጠይብ"፣ "ቡዳ" እያልን ስናርቅ የኖርን ሰዎች ነን፤ እጁ ዘይት የነካውን ማን ጠይቆት ይጽፋል? ባለሙያውም በበኩሉ "ሙያ በልብ ነው" ብሎ ይደብቃል። አዛውንቱ ራሳቸው በልጅነታቸው አለቃቸው ታይሚንግ ሲያስተካክል ውሃ ቅዳ እየተባሉ ይባረሩ እንደነበር አጫውተውኛል።

እሳቸው ግን ወጣቱን አስጠሩት። መጀመሪያ የነኩት ፑንቲናውን ነው። "ይሄ ሲበላ ክፍተቱ ይጠባል፣ ብልጭታው ይዘገያል። ይህን ሳታይ ሌላውን ብታዞር ሁለት ስሕተት ነው የምትሠራው" አሉት። ክፍተቱን አራት አሥረኛ ሚሊ ሜትር አደረጉ። ከቦቢናው ትንሽ አምፖል አገናኝተው ሌላውን ጫፍ ከሞተሩ ብረት አስነኩ፤ የፑሌጃውን ምልክት ገጠሙ፤ ብልጭታ አከፋፋዩን ላላ አድርገው በቀስታ አዞሩት። አምፖሉ ቦግ ያለበት ቦታ የመጽሐፉ ልክ ነው። እዚያ ላይ በስለት ጭረት አወጡ። ከዚያ ጥቂት አስቀድመው መኪናዋን አቀበት ነዱና ሁለተኛ ጭረት ጨመሩ።

"ይቺ የመተማ፣ ይቺ የደባርቅ" አሉት ወዳጄን። "አይከልን አልፈህ ቁልቁለቱ ሳይጀምር ቁም፤ በቁልፍ ፈታ አድርገህ አዙራት። ስትመለስ መልሳት።"

ዛሬ አዲሶቹ ሞተሮች ይህን በኮምፒውተር ራሳቸው ያደርጉታል። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከልክሏል፤ የኤሌክትሪኩ ሞተር ጭራሹን ብልጭታ አያስፈልገውም። ወጣቱ መካኒክ ያን ቀን ምንም አልተናገረም። መጽሐፉን ገልጦ፣ ከቁጥሩ ጎን በእርሳስ "ደባርቅ" ብሎ ጻፈና መሥመር አሰመረበት።