ከሐይቅ እስከ መርሳ፦ መጻሕፍትን ማን ይጠብቃል?

ከመርሳ ተነሥቶ ወደ ደሴ የሚጓዝ መንገደኛ ውርጌሳንና ውጫሌን አልፎ ሐይቅ ከተማ ይደርሳል። መንገዱ አጭር ቢሆንም የተሸከመው ታሪክ ረጅም ነው። ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. ውጫሌ ላይ የተፈረመው ውል 17ኛ አንቀጹ በአማርኛ አንድ፣ በጣሊያንኛ ሌላ ሆኖ መገኘቱ ሀገሪቱን ዐድዋ ድረስ አዝምቷታል። ጽሑፍን አንብቦ ማመሳከር የህልውና ጉዳይ መሆኑን የዚህ አካባቢ ሰው ከማንም በፊት ሊረዳው በተገባ ነበር። ታዲያ የከተማ ቤተ መጻሕፍት ነገር በተነሣ ቁጥር ስለ ምን እንደ ቅንጦት ይቆጠርብናል?

ቤተ መጻሕፍት ለወሎ ከውጭ የመጣ እንግዳ ነገር አይደለም። አባ ኢየሱስ ሞዐ በ1240 ዓ.ም. ገደማ ወደ ሐይቅ እስጢፋኖስ ገብተው ገዳሙን የትምህርት ማዕከል አደረጉት። በ1273 ዓ.ም. አስጽፈው ለገዳሙ የሰጡት ወንጌል የገዳሙን መጻሕፍት ዝርዝር ጭምር ይዞ እስከ ዘመናችን ደርሷል። መዝግቦ መያዝ የቤተ መጻሕፍት የመጀመሪያ ሥራ ከሆነ፣ እኛ ይህን ሥራ ከጀመርን ከሰባት መቶ ዓመት በላይ ሆኖናል ማለት ነው። በየጁ ምድርም ዳና የእስልምና ትምህርት ማዕከል ሆና ስትኖር፣ መሻይኾቹ ኪታብ አስቀሩ፤ ደረሶቹም ገልብጠው ወደየቀያቸው ወሰዱ። መስጊዱም ገዳሙም መጽሐፍን የግለሰብ ሀብት ብቻ አድርገው አላዩትም።

ከዚሁ ከወሎ ምድር የሚነሣ ተቃራኒ ምሳሌም አለ። ዐፄ ቴዎድሮስ ከጎንደርና ከሌሎች አድባራት የሰበሰቧቸውን መጻሕፍት መቅደላ ላይ አከማችተው ነበር። ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. አምባው ሲያዝ ክምችቱም ተዘረፈ። ምርኮው በ15 ዝሆኖችና በ200 ገደማ በቅሎዎች ተጭኖ ወደ ደላንታ ሜዳ ወረደ፤ እዚያም በሐራጅ ተሸጠ። ወደ 350 የሚጠጉ የብራና መጻሕፍት ዛሬም ለንደን በብሪታኒያ ቤተ መጻሕፍት ይገኛሉ።

የሐይቁ ወንጌል ተርፎ የመቅደላው ክምችት የተበተነው ስለ ምንድን ነው? ሐይቅ ጦር ስላልደረሰበት አይደለም፤ በ1524 ዓ.ም. የኢማም አሕመድ ሠራዊት ደርሶበት ገዳሙ ሀብቱን አጥቷል። በዚህ ጸሐፊ እምነት ልዩነቱ ያለው በባለቤትነቱ ላይ ነው። የመቅደላው ቤተ መጻሕፍት የአንድ ኃያል ንጉሥ ሥራ ነበር፤ በኃይል ተሰበሰበ፣ የበለጠ ኃይል ሲመጣ በቀናት ውስጥ ተበተነ። የሐይቁ ግን የማኅበር ነበር፤ ዝርዝር፣ ዕቃ ቤት ጠባቂ፣ የሰረቀውንና የፋቀውን የሚያወግዝ ሕግ፣ ከሁሉም በላይ «የእኛ ነው» የሚል ተተኪ ትውልድ ነበረው።

ከዚህ ወዲህ ያሉት መንግሥታትም የየራሳቸውን ሞክረዋል። ብሔራዊው ቤተ መጻሕፍት፣ ወመዘክር፣ በ1936 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ተቋቋመ። በ1971 ዓ.ም. የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሚሊዮኖችን ፊደል አስቆጥሮ ዓለም አቀፍ ሽልማት አስገኘ። ነገር ግን ፊደል ለቆጠረው ገበሬ በየቀዬው የሚነበብ መጽሐፍ የማቅረቡ ሥራ በመዋዕለ ንዋይም ሆነ በትኩረት ዘመቻውን የሚመጥን አልነበረም። ማንበብን አስተምሮ መጽሐፍ መንሣት አርሶ አለስልሶ ዘር እንደ መከልከል ነው።

ከነሐሴ 2013 እስከ ታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. ወልድያና አካባቢዋ በሕወሓት ኃይሎች እጅ በነበሩበት ጊዜ የወልድያ ዩኒቨርሲቲ ከባድ ዘረፋና ውድመት ደረሰበት። ከተማይቱ በተለቀቀችበት በዚያው ታኅሣሥ፣ በ23ኛው ቀን፣ ከአንድ ቢሊዮን ብር በላይ የወጣበት አብርሆት ቤተ መጻሕፍት አዲስ አበባ ላይ ተመረቀ። አብርሆት መሠራቱን የሚነቅፍ አንባቢ አይኖርም፤ ይህ ጸሐፊም አይነቅፍም። ጥያቄው ሌላ ነው፦ በአንድ ወር ውስጥ አንዱ ሲመረቅ ሌላው ፍርስራሽ በሚጠርግባት ሀገር፣ ለመርሳ ልጅ የሚደርሰው ድርሻ የቱ ነው?

ከሀብሩ ገጠር ስንቁን ተሸክሞ መጥቶ መርሳ ላይ ከጓደኞቹ ጋር አንዲት ክፍል ተከራይቶ የሚማረውን ተማሪ አስቡት። ለእርሱ ቤተ መጻሕፍት ማለት ጠረጴዛ፣ መብራትና ጸጥታ ማለት ነው። ተመርቆ ሥራ ላጣው ወጣት የሚውልበት ክብር ያለው ቦታ ነው። የሙስሊሙና የክርስቲያኑ ልጅ ማንም ሃይማኖቱን ሳይጠይቀው ባንድ ወንበር ጎን ለጎን የሚቀመጥበት አዳራሽም ነው። በጦርነት ለቆሰለ ማኅበረሰብ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

የሚያስፈልገው የእብነ በረድ ሕንፃ አይደለም። በወረዳው በጀት ላይ በስሙ የሰፈረ ደመወዝ ያለው አንድ ባለሙያ፣ በሁለት ቅጂ የተያዘና አንዱ ከከተማው ውጭ የሚቀመጥ የመጻሕፍት መዝገብ፣ ከነዋሪው የተመረጠ ጠባቂ ኮሚቴ ይበቃል። ከ1960ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ የሐይቁን ወንጌል ጨምሮ የሀገሪቱን ብራናዎች በማይክሮፊልም ያነሡት ሊቃውንት፣ ቅጂ የክፉ ቀን ዋስትና መሆኑን አስተምረውናል።

መንግሥት የሰጠውን መንግሥት ይወስደዋል፤ ጦርነት ያገኘውን ጦርነት ይበላዋል። ሕዝብ «የእኔ ነው» ያለው መጽሐፍ ግን ሰባት መቶ ዓመት ይሻገራል። ማስረጃው ከመርሳ ሩቅ አይደለም፤ ሐይቁ ዳር ተቀምጧል።

ቸር ይግጠመን።